የታህሳስ አልጋ በዲሴምበር ዋጋ

ታህሳስ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እናቴ፣ ሁለት አክስቶቼና ሦስት የአክስቶቼ ልጆች ለገብርኤል ንግሥ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ገቡ። የእኔ ቤት ባለ አንድ መኝታ በመሆኑ ሐይቁ አጠገብ ከሚገኝ አንድ ሆቴል ሦስት ክፍል ለሦስት ሌሊት ይዤላቸው ነበር። ገንዘቡን የከፈልኩት ከ22 ቀን በፊት፣ ኅዳር 25 ነው፤ ለአንድ ክፍል በሌሊት 2,400 ብር ሒሳብ በድምሩ 21,600 ብር በባንክ አስተላልፌ፣ ማረጋገጫውን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬ፣ «ደርሶናል፤ ከታህሳስ 17 እስከ 20 ሦስት ክፍል ተይዟል» የሚል መልስም ተቀብያለሁ። ቁልፍ ለመውሰድ ስንቀርብ ግን የሪሴፕሽን ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን ትንሽ ካየች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ የተነገረዎት ዋጋ ስህተት ነበር፤ የበዓሉ ዋጋ 4,100 ነው። ልዩነቱ 15,300 ብር ይመጣል» አለችኝ።

ስህተቱ በቅን ልቦና የተሠራ መሆኑን እዚያው ቆሜ አረጋግጫለሁ፤ ምክንያቱም የዋጋው ዝርዝር በጠረጴዛው መስታወት ሥር ተዘርግቶ ነበር። ዝርዝሩ የታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን ከዲሴምበር 24 እስከ ጃንዋሪ 8 ያሉት ቀናት በቀይ ተከበው «የበዓል ዋጋ» ተብለዋል። ክፍሉ የተመዘገበበት ትልቁ ባሕር መዝገብ ግን በእኛው አቆጣጠር በእጅ የሚጻፍ ነው። ልጅቷ መዝገቡ ላይ «ታህሳስ 17» ብላ በትክክል ጽፋ፣ ዋጋውን ለማየት ወደ መስታወቱ ስትመለስ ታህሳስን ዲሴምበር ብላ ተርጉማ ዲሴምበር 17ን አየች፤ ያ ቀን ደግሞ ተራ ቀን ነው። ታህሳስ 17 ግን ዲሴምበር 26 ነበር። ታህሳስ 1 በአብዛኛው ዲሴምበር 10 ላይ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ዲሴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ታህሳስን ዲሴምበር፣ ጥርን ጃንዋሪ እያልን የምንተረጉም ሁሉ ከስምንት እስከ አስር ቀን በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። ስለዚህ አልጋው ትክክል፣ ዋጋው ስህተት ሆነ።

ማኔጀሩ ተጠርቶ ሲመጣ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር፣ ስህተት ለማንም መብት አይሰጥም የሚል ነበር። በዚህ ከእሱ ጋር የምስማማው በግማሹ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የውጭ አገር የቦታ ማስያዣ ድረ ገጽ ላይ አዳማ ውስጥ የሚገኝ ሆቴል የአንድ ሌሊት ዋጋው 45 ብር ተብሎ አግኝቼ፣ ዶላሩ በብር እንደተመዘገበ ልቤ እያወቀ የሁለት ሌሊት 90 ብር ከፍዬ ነበር። ሆቴሉ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ደውሎ ስህተቱን ነግሮኝ ገንዘቤን ሲመልስ፣ «የለጠፋችሁትን ዋጋ አክብሩ» ብዬ ስልኩ ላይ ጮኼያለሁ፤ ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ። በ45 ብር አዳማ ውስጥ አልጋ ቀርቶ ደህና ምሳ እንደማይገኝ አውቅ ነበርና። በሲንጋፖር በ2003 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንድ የኢንተርኔት መደብር 3,854 የሲንጋፖር ዶላር የሚያወጣ የሌዘር ፕሪንተር በስህተት 66 ዶላር ብሎ በመለጠፉ ስድስት ሰዎች ከ1,600 በላይ ፕሪንተር አዝዘው ነበር፤ ጉዳዩ እስከ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደርሶ በ2005 ገዢዎቹ ተረቱ። ዋጋው ስህተት መሆኑን እያወቁ ሊጠቀሙበት እንደሞከሩ ፍርድ ቤቱ ስላመነ ነው። የአዳማው የእኔ ነገር የዚያ ታናሽ ወንድም ነበር።

የሐዋሳው ግን ሌላ ነው። በሌሊት 2,400 ብር በዚያ አካባቢ በዚያን ጊዜ የተለመደ ዋጋ ነበር፤ እኔ ራሴ ጥቅምት ላይ ለአንድ እንግዳዬ የከፈልኩት ከዚያ ብዙም የራቀ አልነበረም። እንድጠረጥር የሚያደርገኝ ነገር አልነበረም ማለት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የሚመዝነው ይህንኑ ይመስለኛል። በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር ይደነግጋል፤ ከ1696 ጀምሮ ባሉት አንቀጾች ደግሞ ስህተት ውልን ሊያፈርስ የሚችልበትን በር ይከፍትና፣ ተሳስቻለሁ የሚለው ወገን ሌላው ስህተቱን የሚያውቅ ወይም ሊያውቅ የሚገባው ካልሆነ በቀር በውሉ መፍረስ ለሚደርሰው ጉዳት እንዲክስ ያስገድደዋል። ሕጉ የተሳሳተውን ሰው አይቀጣም፤ ነገር ግን የስህተቱን ዋጋ ባላወቀው ሰው ትከሻ ላይ እንዲጭን አይፈቅድለትም።

ማኔጀሩ ሁለት አማራጭ አቀረበልን፤ ልዩነቱን መክፈል፣ ወይም ገንዘባችንን ሙሉ በሙሉ ተቀብለን መሄድ። ሁለተኛው በቃል ሲሰማ ለጋስነት ይመስላል። ነገር ግን በገብርኤል ዋዜማ ሰሞን ሐዋሳ ውስጥ አልጋ መፈለግ ምን እንደሚመስል የከተማዋ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከተማዋ በምእመናን ተጥለቅልቃ፣ እንግዳ በየዘመዱ ቤት ምንጣፍ ላይ ያድራል። ኅዳር 26 ወይም ታህሳስ 3 ቢነግሩኝ ኖሮ ሌላ ቦታ እፈልግ ነበር፤ ወይም እናቴን አማክሬ ልዩነቱን በፈቃዴ እከፍል ነበር። እነሱ ግን ገንዘቡን 22 ቀን ይዘው፣ እኔን ከሌላው ገበያ አውጥተው፣ ሻንጣዎቹ ወለሉ ላይ ከተደረደሩ በኋላ ነገሩኝ። ክርክሬ በሙሉ እዚህ ላይ ነው፤ ስህተትን የማረም መብት የሚያረጀው እንዲህ ነው። አስቀድሞ የከፈለ ሰው መከራከሪያውን ከገንዘቡ ጋር አብሮ አስረክቧል፤ ያልከፈለ ሰው ቢያንስ ኪሱን ዘግቶ መውጣት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው የጥቅል ጉዞ (መጓጓዣና ማረፊያ በአንድ ላይ የሚሸጥበት ጉዞ) መመሪያ፣ አስጎብኚው እንደ ነዳጅና የውጭ ምንዛሪ ባሉ ምክንያቶች ዋጋ መጨመር ቢችል እንኳ ጉዞው 20 ቀን ሲቀረው ያ መብት ይዘጋበታል፤ ጭማሪው ከ8 በመቶ ካለፈም ተጓዡ ያለ ቅጣት መውጣት ይችላል። መመሪያው የጽሕፈት ስህተትን ለመዳኘት የወጣ አይደለም፣ እኛንም አይገዛንም፤ ሐሳቡ ግን የሐዋሳንም ሪሴፕሽን የሚመለከት ይመስለኛል።

በመሐል ማኔጀሩ «ያስገባችሁት እኮ ቀብድ ነው፤ ቀብድ ደግሞ የመጨረሻ ዋጋ አይደለም» አለ። ይህን አነጋገር ከብዙ ሆቴሎች ሰምቼዋለሁ። ዋጋው በሙሉ የተከፈለበት ነገር ቀብድ አይባልም። ቀብድ ነው ከተባለ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ውሉን ሲተው ቀብዱን እንዲያጣ፣ የተቀበለው ሲተው ግን እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ነው የሚለው። ይህን ነግሬው በስልኬ ማስያ 43,200 ብር ጽፌ አሳየሁት። ቁጥሩን አየው፤ ከዚያ በኋላ ቀብድ የሚለውን ቃል አልደገመውም።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ነጠላዋን ተከናንባ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ መጣችና፣ «ልጄ፣ ይሄ ገንዘብ ኅዳር ላይ ሲደርስህ ስህተት ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «እማማ፣ ያኔ አላየነውም» አላት። «አየህ፣ እኛም አላየነውም» ብላው ተመልሳ ተቀመጠች። ማኔጀሩ ወደ ጓሮ ወጥቶ ለሆቴሉ ባለቤት ደወለ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲመለስ ሦስቱን ቁልፍ ራሱ አስረከበን።

እዚህ ላይ ብተወው ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ «ልዩነቱ ከማን እንደሚቆረጥ ታውቂያለሽ አይደል?» ብሎ በዓይኑ ወደ ልጅቷ አመለከተ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል፤ ይህንንም ነገርኩት። «የውስጥ ጉዳያችን ነው» አለኝ። ለማኔጀሩ የዋጋ ዝርዝሩን በሁለቱም አቆጣጠር ማሳተም ከ15,300 ብር እጅግ ያነሰ ወጪ ነበር፤ እሱ ግን የዝርዝሩን ጉድለት በአንዲት ሠራተኛ ስም ማወራረድ ቀለለው። ደግሞ እኔ ያሸነፍኩት ክርክር በእሷ ላይ የሚያርፍ ከሆነ መብቴን በማስከበሬ የተሰማኝ ኩራት ግማሹ ይጎድላል። አክስቴ ማታ «አንድ ሺሕ ብር እንኳ እንስጣት» ብላ ነበር፤ እኔ ግን ጉርሻው የቅጣቱ ማካካሻ እንዲሆን ስላልፈለግኩ ተቃወምኩ። ትክክል መሆኔን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ታህሳስ 20 ጠዋት ስንወጣ ደረሰኙን የቆረጠችልን እሷው ነበረች፤ 21,600 ብር ይላል። ከደመወዟ ተቆርጦባት እንደሆነ በዝግታ ስጠይቃት፣ «ገና ወሩ አላለቀም» አለችኝ። መስታወቱ ሥር ያለው ዝርዝር አልተቀየረም፤ ከዲሴምበር 24 ጎን «ታህሳስ 15»፣ ከጃንዋሪ 8 ጎን «ታህሳስ 30» ተብሎ በሰማያዊ እስክርቢቶ ተጽፎበታል፤ ጽሕፈቱ በባሕር መዝገቡ ላይ ካየሁት የእሷ ጽሕፈት ጋር አንድ ነው።