እመብርሃን ሮም ላይ ያደረገችልን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኔ አደባባይ ወጥቼ የምናገር ሰው አይደለሁም። ስለት ስሳል ግን «ለሰው ሁሉ እመሰክራለሁ» ብያለሁና ዝም ማለት አልችልም።

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ እኔና ባለቤቴ ሮም ነበርን። ጋብቻችን 25 ዓመት ሞልቶት ነው። ጀርመን ያለችው ልጃችን «በሕይወታችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ተዝናኑ» ብላ ቲኬቱንም የቪዛውንም ጣጣ ጨረሰችልን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብራን ቆይታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወቅቱ ፍልሰታ መሆኑ ከንክኖኝ ነበር። ሱባኤን ከሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ርቄ አሳልፌ አላውቅም። የእሷ የዓመት ፈቃድ ግን ከዚያ ውጪ አልተገኘም።

ጾሙስ አልከበደንም። ማሪናራ የሚሉት ፒዛ አላቸው፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ። አይብ የሚባል የለበትም። ለፍልሰታ ብለው የሠሩት ነው የሚመስለው። ውሃ ደግሞ በየመንገዱ ዳር ከብረት ቧንቧ ሌት ተቀን ይፈሳል፤ ቀዝቃዛም ነጻም ነው። በዚያ ሐሩር ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ስንነሳ፣ «እማማ» የምንላቸው አሮጊት ጎረቤታችን ሮም ላለችው ልጃቸው በርበሬና ሽሮ አስያዙን። ውጭ አገር ሲሄድ «ትንሽ ዕቃ» ያልተላከ ሐበሻ ማን አለ? ባለቤቴ ሻንጣውን ሚዛን ላይ እያወጣ እያወረደ አጉረመረመ። እማማ ከልጅ ልጃቸው ደብተር አንድ ቅጠል ቀደው የልጃቸውን ስልክ ቁጥር በትልልቁ ጻፉ። ከሥሩ በዚያ በሚንቀጠቀጠው እጃቸው «አደራ! ዕቃውን በእጇ» ብለው ጨመሩበት። ወረቀቱን አጥፌ ፓስፖርቶቻችን ካሉበት ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። በርበሬውን በደረስን በማግስቱ አስረከብን። ወረቀቱ እዚያው ቀረ።

ሐሙስ ዕለት ቫቲካን ዋልን። የካቶሊኮች የኢዮቤልዩ ዓመት ስለነበር ከየአገሩ የመጣው ምእመን አደባባዩን ሞልቶታል። ባለቤቴ ታሪክ ይወዳል። ከትልቁ ባዚሊካ ጀርባ የኛ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ፣ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ተቀምጠው የግዕዙን አዲስ ኪዳን በ1548 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙ ሲተርክልኝ ዋለ። በዚያ ዘመን በእግርና በመርከብ እዚህ ደርሰው! ሲመሽ ወደ ተርሚኒ የሚመለሰውን አውቶቡስ ያዝን። የምናድረው በባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ነው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። ስንወርድ የእጅ ቦርሳዬን ብመለከተው ዚፑ ተከፍቷል። ከረጢቱ የለም። ሁለቱም ፓስፖርቶች፣ ከዩሮውም የቀረን፣ ሁሉም።

እዚያ አገር የውጭ ሰው መታወቂያውን ይዞ መንቀሳቀስ ስላለበት ነበር የያዝናቸው። ስልካችን ግን በባለቤቴ የደረት ኪስ ውስጥ ነበረ። ተመስገን።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። እዚያ ያሉ ሐበሾች «ዴኑንቺያ» የሚሉትን የስርቆት ማመልከቻ አስሞሉን። ፖሊሱ ትሑት ሰው ነው፤ በሁለት ጣቱ እየፈለገ ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ ሰጠን። «አሁን ኤምባሲያችሁ ሄዳችሁ ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚያስኬድ ወረቀት) አውጡ» አለን። ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን ቀና ብሎ አየና ትከሻውን ሰበቀ። «ነገ ፌራጎስቶ ነው።»

ፌራጎስቶ በእነሱ ነሐሴ 15 ቀን የሚውል በዓል ነው። ከአውግስጦስ ቄሳር ዘመን የመጣ የዕረፍት ቀን ነው ይላሉ፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ የእመቤታችን ዕርገት ነው። በኛ ነሐሴ 9 ይሆናል፤ እነሱ ሲያከብሩ እኛ ጾሙን ገና ማጋመሳችን ነው ማለት ይቻላል። ከተማው ጭር ይላል። ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ሱቁ ይዘጋል። ዓርብ በዓል፣ ቀጥሎ ቅዳሜና እሑድ። ቢሮ የሚከፈተው ሰኞ ነው። በረራችን እሑድ ማታ ነው። ቪዛችንም የሚያበቃው እሑድ ነው።

ቪዛ ያወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ቀን ማሳለፍ በመዝገብ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ ሲጠየቅ ይነሳል። የዋስትናውን ደብዳቤ የጻፈችው ልጃችን ናት፤ የሷ ስም አብሮ ይነሳል። ባለቤቴ «በዴኑንቺያው እናስረዳለን» ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ለልጃችን አልነገርናትም። ያን ሌሊት ዓይናችን ሳይከደን ነጋ።

ዓርብ ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን ይዤ ወጣሁ። ከማደሪያችን ትንሽ እንደተሄደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የምትባለው ትልቅ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች። የኛ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ቢሆንም የተሠራችው በ431 እ.ኤ.አ. ኤፌሶን ላይ ንስጥሮስ ተወግዞ የእመቤታችን ወላዲተ አምላክነት ከጸና በኋላ ወዲያው ነው። ያንን ጉባኤ እኛም እንቀበለዋለን። ደግሞ በጭንቅ ጊዜ ሰው እናቱን የሚጠራበት በር አይመርጥም።

የሄድኩት ለመጸለይ እንጂ ለማየት አልነበረም። በግራ በኩል ባለው ጸሎት ቤት፣ ከመንበሩ በላይ ያለችውን ሥዕል ቀና ብዬ ሳያት ግን ክው አልኩ። አውቃታለሁ! ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋለች። ቀኝ እጇ በግራዋ ላይ ተመሳቅሏል። መሐረብ ይዛለች። ልጇ መጽሐፍ ይዞ ሽቅብ ያያታል። ይቺ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረችው ምስለ ፍቁር ወልዳ ናት! ባለቤቴ ኋላ እንዳስረዳኝ የዚህች ሥዕል ቅጂዎች በሚስዮናውያን እጅ ኢትዮጵያ ገብተው፣ የጎንደር ዘመን ሥዓሊዎቻችን በራሳቸው እጅ ደጋግመው ሥለዋታል። ያኔ እኔ ይህን አላውቅም። ያወቅኩት አገሬ ያለችው እመቤቴ ቀድማኝ እዚህ መድረሷን ነው።

ከጎን ረጅም ሰልፍ ነበር። በሚያዝያ የተቀበሩትን የሮማውን ጳጳስ ፍራንሲስን መቃብር ለማየት ነው። ነጭ ድንጋይ ላይ ስማቸው ብቻ ተጽፏል። አንዲት አስጎብኚ ስታስረዳ እንደሰማሁት፣ ወደ ውጭ አገር ከመሄዳቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ እዚህች ሥዕል ፊት ይጸልዩ ነበር። መንገደኛን የምታውቅ ናት ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ጥግ ይዤ ቆምኩ። ውዳሴ ማርያሙን የዓርቡን ጀመርኩ፤ ሳልጨርሰው እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ በራሴ ቋንቋ አወራኋት። «እመቤቴ፣ አንቺም በሄሮድስ ዘመን ልጅሽን አዝለሽ በሰው አገር ተንከራተሻል። ወረቀት የሌለው ሰው ጭንቀት ይገባሻል። በሰላም ለቤታችን አብቂን። ለሱባኤሽ ፍቺ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ። የሠራሽልኝንም ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።» ይኸው ነው። ራእይ አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። እንዲያውም ስወጣ ሆዴ እንደተላወሰ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የባለቤቴ ስልክ በዋትስአፕ ጮኸ። የእማማ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ፓስፖርት ጠፍቶባችኋል እንዴ?»

እኛ ለማንም አልነገርንም! እሷም ለበዓሉ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ባሕር ወርዳ ነበር የከረመችው። ጠዋት ስልኳን ስትከፍት ከማታ ጀምሮ ከማታውቀው ቁጥር ብዙ ጊዜ ተደውሎላታል። መልሳ ስትደውል አንዲት ኤርትራዊት እናት አነሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኚህ እናት ሮም ውስጥ አሮጊት እየተንከባከቡ ይኖራሉ። ካቶሊክ ናቸው። ዓርብ ማታ ከዕርገት ቅዳሴ ወጥተው ተርሚኒ አካባቢ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። በዓል ስለሆነ አውቶቡስ እንደ ሌላው ቀን አይመላለስም፤ ቆሙ፣ ቆሙ፣ እግራቸው ሲደክም ዳር ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በበዓሉ ምክንያት ሳይነሳ አፉ ድረስ ሞልቷል። ከላይ አንድ የተጨማደደ ወረቀት ወጥቶ ይታያል። የደብተር ወረቀት ነው። ላዩ ላይ በፊደላችን «አደራ» ይላል።

እሳቸው ኋላ ሲነግሩኝ «አደራ የሚል ጽሑፍ ቆሻሻ ላይ አይቼ እንዴት ልለፈው?» ነው ያሉኝ። ወረቀቱን ሲስቡ ከረጢቱ አብሮ መጣ። ገንዘቡ የለም። ፓስፖርቶቹ ግን ሁለቱም አሉ። ሌባው የሚፈልገውን ወስዶ የቀረውን ጥሎት ሄዷል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የጣልያን ነበርና ደወሉ።

«አጋጣሚ ነው» የሚል ይኖራል። ይበል። እኔ ግን ያን ቀን በዓሉን ስረግመው ነበር የዋልኩት። ቢሮ ያዘጋብን በዓል ነው። አውቶቡስ አዘግይቶ እኚያን እናት እዚያ ያስቀመጣቸውም ያው በዓል ነው። ቆሻሻው ሳይነሳ ያደረውም በሱ ነው። ያም በዓል የእሷ የራሷ ነው። ወረቀቱ ደግሞ እኔ ጸሎት ላይ ከመቆሜ በፊት፣ ገና አዲስ አበባ ሳለን ተጽፎ ተይዞልን ነበር። ጌታ «አባታችሁ ሳትለምኑት የሚያስፈልጋችሁን ያውቃል» ያለውን በጆሮዬ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ በዓይኔ ግን አላየሁትም።

ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ ተገናኘን። ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ ነው፤ «የአምስት መቶዎቹ» ማለት ነው፣ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለፈጇቸው የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ። ባለቤቴ ይህንን ለመናገር እንኳ አፉ አልታዘዘለትም። እኚያ እናት ነጠላቸውን ጣል አድርገው መጡ። ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ቡና ይሁን ጭማቂ የፈሰሰበት አለ፤ ውስጡ ግን ደረቅ ነው። የቪዛው ገጽ ንጹሕ ነው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። «አጆኺ ሓፍተይ፣ አጆኺ» አሉኝ። ገንዘብ ልንሰጣቸው ብንል ተቆጡ። ለነገሩ ምን ቀርቶን! የእማማ ልጅ ያበደረችን ነው በእጃችን ያለው። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ አገራቸው ካዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋልና «በጸሎት አስቢኝ» ብለው የክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ስንት ነገር እንዳለፈ እናንተም ታውቃላችሁ። እዚያ አደባባይ ላይ ግን ተቃቅፈን ሁለታችንም አለቀስን።

ፖሊስ ጣቢያ ተመልሰን መገኘቱን አስመዘገብን። እሑድ ቀኑን ሙሉ ነጻ ነበርን። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ አየን፣ ከዚያ አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ ማራቶኑን ወደ ጨረሰበት ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሄድን። ባለቤቴ ጫማውን አውልቆ ጥቂት ተራመደ፤ ድንጋዩ ፈጅቶት ወዲያው አጠለቀ። «ሐውልቱ ለመመለስ 68 ዓመት ፈጀበት፤ እኛ በሁለት ቀን!» እያለ ሲስቅ አስጎብኚዎች ሁሉ ዞረው ያዩናል። ከጠፋብን በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ማታ አየር ማረፊያ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ የቆሸሸውን ከረጢት በጥርጣሬ አገላብጦ አየው። ማኅተሙን ግን መታ።

ነሐሴ 16 ቀን፣ ፍልሰታ ስትፈታ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ሰፈራችን ማርያም ሄድኩ። የኤርትራዊቷን እናት የክርስትና ስም ለቄሱ ሰጠሁ። እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ከጎኔ ቆመዋል። ስለቴ ሲነገር ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ባለቤቴ እልል ማለት አይችልበትም፤ እጁ እስኪቀላ ድረስ አጨበጨበ።