ጊልሞር ደሴ ገብቶ አጣላን

የእህቴ ልጅ ጳጉሜን 4 ቀን ከአዲስ አበባ ገባ። ቤት ሳይደርስ፣ ቦርሳውን እንደተሸከመ ሱቄ መጥቶ «ጋሼ፣ እንቁጣጣሽህን ይዤልህ መጣሁ» አለና ፍላሽ አወጣ። ውስጡ የእንግሊዙ ሮክ ቡድን የፒንክ ፍሎይድ ጊታሪስት፣ የዴቪድ ጊልሞር አዲሱ አልበም ነው፤ «ለክ ኤንድ ስትሬንጅ»። አልበሙ የወጣው ዓርብ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሰኞ ደሴ፣ ሸዋ በር ደረሰ ማለት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አጎቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፤ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ፣ ከዚያ ጭነቱን ይዞ መመለስ። አንድ ቀን ከወደቡ አንድ ባለ 90 ደቂቃ ቲዲኬ ካሴት ይዞ መጣ። የተቀዳበት እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዎል» (ግድግዳው) ነው፣ ሁለቱም ገጽ ሙሉ። አጎቴ እንግሊዝኛ አይችልም፤ «የግድግዳው» ነበር የሚለው። ሌሊት ወደ ሚሌ ሲወርድ እንቅልፍ እንዳይጥለው አንዴ አምባሰል፣ አንዴ ግድግዳውን እያፈራረቀ ይሰማ ነበር። እኔም ሮክ የሚባል ነገር የሰማሁት እዚያው ጋቢና ውስጥ፣ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተኝ ነው።

ሱቄ ካሴት ቤት ነበር። አሁን ቻርጀርና የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። በ2014ቱ ጦርነት ሱቁ ሲዘረፍ ስልኩም ስፒከሩም፣ የምቀመጥባት ዱካ ሳትቀር ሄደች፤ ካሴቶቹን ግን ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ደስ ይበለኝ ወይስ ቅር ይበለኝ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። የአጎቴ ቲዲኬም በዚያው ተረፈ።

አልበሙን የሰማነው በእንቁጣጣሽ ዕለት አጎቴ ቤት፣ ቡና እየተፈላ ነው። ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ጦሳ ከወገቡ በላይ ጭጋግ ውጦታል። አጎቴ፣ የእህቴ ልጅ፣ እኔ፣ ጎረቤታችን የነበሩት ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር፣ እንዲሁም በጀበናውና በእኛ መካከል የምትመላለሰው ባለቤቴ ነበርን። መምህሩ ፒንክ ፍሎይድን እንደ ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው፤ ከጠየቅኋቸውም ካልጠየቅኋቸውም ይነግሩኛል።

ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ ጠቡ ተጀመረ።

መምህሩ ቅር ያላቸው ከፕሮዲዩሰሩ ነው። ቻርሊ አንድሩ የሚባል ከጊልሞር በዕድሜ በጣም የሚያንስ ሰው ነው፤ «እዚህ ቦታ የግድ የጊታር ሶሎ መኖር አለበት ወይ?» ብሎ ጠይቆታል፤ ሶሎ ማለት ጊታሩ ብቻውን ፊት ወጥቶ የሚያዜምበት ነው። ጊልሞር ራሱ ይህንን በደስታ ነው የተናገረው፤ ስሙን ፈርቶ የማያጎበድድ ሰው አገኘሁ ብሎ። መምህሩ ግን «ከቅቤ ነጋዴ ሄዶ ቅቤው ለምን ይቀልጣል እንደማለት ነው!» አሉ። (ምሳሌው ልክ ይሁን አይሁን ገና አልገባኝም፤ ሲሉት ግን ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።) የፒንክ ፍሎይድ ግጥም ጸሐፊ የነበረው ሮጀር ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ1985 ከቡድኑ ከወጣ ወዲህ ግጥሙ ነፍስ የለውም ባይ ናቸው። የአሁኑን ግጥም አብዛኛውን የጻፈችው የጊልሞር ባለቤት ፖሊ ሳምሰን ናት፤ ስለ እርጅና፣ ስለ ሞት። አልበሙ የወጣበት ቀን፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 6፣ የዋተርስ የልደት ቀን መሆኑንም ሆን ተብሎ የተደረገ ተንኮል አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ አጋጣሚ ነው እላለሁ።

የእህቴ ልጅ የሚለው ሌላ ነው። «ግማሹ ያስተኛል» ይላል። እሱ በኮምፒውተር ሙዚቃ ያቀናብራል፤ ቀረጻው ጥራት አለው፣ ድራሙ ያምራል፣ ነገር ግን ሰውዬው ከ9 ዓመት በኋላ መጥቶ ያው የምናውቀውን ነው የሚጫወተው ባይ ነው። ከሁሉ የወደደው «ቢትዊን ቱ ፖይንትስ» የሚለውን ነው፤ የጊልሞር ልጅ ሮማኒ የዘፈነችውን። እዚህ ላይ መምህሩ ፊኛ ሆነው ተነፉ። የጊልሞርን አልበም ገዝቼ የልጁን ድምፅ የምሰማው በምን ዕዳዬ ነው አሉ። አልገዙትም፣ ያው የእህቴ ልጅ ፍላሽ ነው፤ ዝም አልኩ።

እስከዚያ ድረስ አጎቴ አልተናገረም። ልጅቱ ሃርፕ የምትመታበት ቦታ ሲደርስ ግን ሲኒውን አስቀመጠ።

«ይቺ ክራር ናት?»

«የፈረንጅ በገና በላት፣ አባባ» አለው የእህቴ ልጅ።

«የማን ልጅ ናት?»

«የሱ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያጣላችሁ? አዝማሪ ልጁን ካላስተማረ ማንን ሊያስተምር ነው?»

መምህሩ መልስ አልነበራቸውም። እውነትም እኛ አገር አባት ማሲንቆውን ለልጁ ሲያቀብል ሙያው አልጠፋም ብለን እንመርቃለን እንጂ ልጁን ሊያስተዋውቅ ነው ብለን አናማም።

ባለቤቴ ቶናውን ስትቀዳ «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚተክዘው? ድሃ ነው እንዴ?» አለች። አይደለም አልናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ጥቁሯን ጊታሩን ለጨረታ አቅርቦ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች፤ የጨረታውን ገንዘብ በሙሉ የአየር ንብረት ለውጥን ለሚታገል ድርጅት ሰጠው። «እንግዲያው የሚተክዘው ጊታሯን ሸጦ ነው» ብላ ወደ ጀበናዋ ሄደች።

እኔ ከአልበሙ የምይዘው ስሙን የወሰደበትን ዘፈን ነው። እዚያ ላይ ኪቦርድ የሚጫወተው ሪቻርድ ራይት ነው። ራይት የፒንክ ፍሎይድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አርፏል። ከመሞቱ ከዓመት በፊት፣ በ2007፣ ጊልሞር ቤት ጎተራ ውስጥ ተሰብስበው ዝም ብለው ሲጫወቱ ተቀድቶ ነበር። ጊልሞር ያንን ቅጂ አውጥቶ ዘፈን ሠራበት። ይህንን ለአጎቴ ስተረጉምለት «የሞተ ሰው ነው የሚመታው?» አለ። አዎ አልኩት። «ነፍስ ይማር። እስቲ መልሰው» አለኝ። መለስኩት። በሁለተኛው ዙር ማንም አልተናገረም፤ መምህሩም ጭምር።

ከዚያ የመጨረሻው ዘፈን፣ «ስካተርድ» ላይ ያለው ረጅም ሶሎ መጣ። አጎቴ ተነሥቶ ክራሩን ከግድግዳው አወረደ። ክሮቹን እየጠመዘዘ ቃኛቸው፤ ሶሎው አለቀ፤ እንደገና አስጀመረኝ። «ባቲ ነው» አለ።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ኖታዎቹን ቆጠረ፣ ከዚያ ዝም አለ። የብሉዝ ጊታሪስቶች ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሏት አምስት ድምፅ እኛ ባቲ ማይነር የምንላት ናት፤ ያቺው አምስት ድምፅ። አጎቴ በየጉዞው ባቲ ላይ እያደረ፣ የሰኞ ገበያዋን እያየ፣ በሌሊት ደግሞ ባቲን በጊታር ሲሰማ ኖሯል፤ ለካ እንቅልፉን የሚያባርርለት ግድግዳው ሳይሆን የገዛ አገሩ ቅኝት ነበር። ክራሩን ከሰውዬው ጋር አስኬደው፤ የተወሰነ መንገድ አብረው ሄዱ። ከዚያ አጃቢው ሲለወጥ «እዚህ ጋ ጥሎኝ ሄደ» ብሎ አቆመ። ሌላም ያስተዋለው ነገር አለ። ጊልሞር ክሩን በጣቱ ገፍቶ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲያንሸራትት ክራር እሱን መከተል አይችልም። «ይኼ ሰውዬ ማሲንቆ ነው የሚመታው፣ ያውም ያለ ጭራ» አለ።

የእህቴን ልጅ ነገሩን እዚህ ላይ ያዝኩበት። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስትዘፍን ከአዳራሹ «ይህንን እኮ አምና ሰምተነዋል» ያለ ሰው አለ? የምንሄደው ያንኑ ዜማ ዛሬ እንዴት እንደምትለው ለመስማት ነው። የ78 ዓመት ሰው ያችኑ አምስት ድምፅ ይዞ ቢመጣ ምኑ ነውር ነው? ልጁ ግን እጁን አልሰጠም። «ጋሼ፣ የማሪቱ ግጥም በየመድረኩ አዲስ ነው። የእሱ ሶሎ ግን ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ሳልሰማው አውቀዋለሁ።» እውነቱን ነው፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ እኔም አውቄበታለሁ። «ዳርክ ኤንድ ቬልቬት ናይትስ» የሚለውንማ አሁን አልፈዋለሁ።

በረካ ላይ መምህሩ አጎቴን ዳኛ አደረጉት። አጎቴ ጢሙን እያሻሸ «እጁ አላረጀም። ድምፁ አርጅቷል። ለልጅቱ አንድ ብቻ ሳይሆን ሦስት ይሰጣት ነበር» አለ። ሁለቱም ወገን የተፈረደለት መስሎት ደስ እያለው ነበር የሄደው።

እኔ ላይ ግን ዕዳ ተረፈ። አጎቴ የሚሰማው በካሴት ብቻ ነው፤ ፍላሽ የሚባል ነገር አያምንም። አልበሙ ከ45 ደቂቃ ያነሰ ስለሆነ ልክ የአንድ ገጽ ቅጂ ነው። «እዚያው የግድግዳው ላይ ሁለተኛውን ገጽ አጥፍተህ ቅዳልኝ፣ ያንን በቃሌ እችለዋለሁ» አለኝ። መምህሩ ይህንን ሲሰሙ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው የትኛው ሶሎ እንደሆነ ቆጥረው ነገሩኝና፣ ብነካው ሰላምታም እንደማይሰጡኝ አስጠነቀቁኝ። ቲዲኬው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ደሴም ኮምቦልቻም ጠይቄ አላገኘሁም፤ ያልተቀዳበት ካሴት ያላችሁ ሰዎች ሸዋ በር ብቅ በሉ፣ በቻርጀር እለውጣችኋለሁ።