ዓሣ ዓሣ የሸተተው ማድቤት

የጠሩኝ ለሽታ ነው። ሰው ኤሌክትሪሺያን የሚጠራው መብራት ሲጠፋበት ወይም ሶኬት ሲነዝረው ነው። እኚህ እናት ግን በስልክ «ልጄ፣ ማድቤቴ ዓሣ ዓሣ ይሸተኛል። የጎረቤት ልጅ የኤሌክትሪክ ነው ይለኛል፤ እስቲ መጥተህ እይልኝ» አሉ። ልጁን ባገኘው ምሳ እጋብዘው ነበር።

ቤታቸው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ነው። እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች ያስረክባሉ። ከረዳቴ ጋር ስንደርስ ቤተሰቡ ስለ ሽታው ተከፋፍሎ ነበር። አንዱ ድመቷን ይከሳል። ሌላው ጾም ሲገባ ዓሣ የምትጠብሰውን ጎረቤት ያማል። ጅማ ላይ ዓሣ ብርቅ አይደለም፤ ከግልገል ጊቤ ግድብ ይመጣል። መብራትም ከዚያው ግድብ ይመነጫል፤ ስለዚህ ሁለቱን ቢያምታቱ አልፈርድም። ሽታው እንዲጠፋ ዕጣን እያጨሱበት ሰንብተዋል።

ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያና ብሬከር (ጭነት ሲበዛ ወድቆ መብራት የሚያቋርጠው) የሚሠሩበት ጠንካራ ፕላስቲክ ሲግል የዓሣ ሽታ ያመጣል። አንዳንዱ ሰው የሽንት ሽታ ይለዋል። ጭስ ከመታየቱ በፊት የሚመጣ ሽታ ነው። ዓሣ ባልተሠራበት ቤት ዓሣ ከሸተተ መጀመሪያ የሚፈተሸው ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ነው፤ ድመቷ ትቆይ።

ምጣዶቹ ጠፍተው ነበር። ቢሆንም ሶኬቱ አጠገብ እጄን ሳስጠጋ ግድግዳው ይሞቃል። ዋናውን አጠፋሁ፣ በቴስተር አረጋገጥኩ፣ ሶኬቱን ፈታሁት። ጀርባው ቡናማ ሆኗል። የሽቦው ልብስ በጣት ሲነካ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል። ከሶኬቱ በላይ፣ ኮርኒሱ ሥር ያለችውን ስካቶላ፣ ሽቦ የሚቀጠልባትን ሳጥን፣ ስንከፍት ደግሞ ሽቦዎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮው ቀልጦ ወርዷል። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው፤ ከረጢቱ ተሰፍቶ የተወጠረ። ከስካቶላዋ እስከ ማዳበሪያው ስንዝር አይሞላም። ረዳቴ አቀርቅሮ መሰላሉን ያዘ እንጂ ምንም አላለም።

ቆጣሪው ጋ ሄጄ ብሬከሩን አየሁ። 40 አምፔር ይላል።

«እማማ፣ ይሄን ብሬከር ማን ቀየረው?»

«አንድ ልጅ ነው፤ እግዜር ይስጠው። በየደቂቃው እየወደቀ ሊጥ ሲያበላሽብኝ ነበር። እሱ ከቀየረው ወዲህ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም።»

«አለመውደቁ እኮ ነው ችግሩ» አልኳቸው። አላመኑኝም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የማምን አይመስለኝም። ሥራዬን የሚያቆምብኝን ነገር ያስወገደልኝን ሰው እመርቃለሁ እንጂ አልከሰውም።

ነገሩን በቁጥር ላስቀምጠው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ ከ30 አምፔር ያልፋሉ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ግን 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ነው። ቱቦ ውስጥ ተቀብሮ ያለ ችግር የሚሸከመው 20 አምፔር አካባቢ ነው። የድሮው ብሬከር 20 ስለነበር ሁለቱ ምጣዶች ሲበሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል። መውደቁ ሥራው ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፤ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። 40 ሲገባበት ሽቦው ጠባቂ አጣ። በዚያ ላይ ሙቀት ከጭነት ጋር እኩል አይጨምርም። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የተለመደው የሽቦ ልብስ የሚችለው ደግሞ እስከ 70 ዲግሪ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኳቸው በኋላ «እንግዲያው 20ውን መልስልኝና ይብቃ» አሉ። ብዙ ባለሙያም እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን የምፈራው ስካቶላውን ነበር። የላላ ማሰሪያን ብሬከር አያየውም። ማሰሪያው ላልቶ ግማሽ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጥር፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 128 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይወጣል። የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ነው ይሄ ሁሉ። ብሬከሩ የሚያየው 16 አምፔር ነው፤ ለእሱ ጤነኛ ቁጥር ነው፣ አይወድቅም። ማዳበሪያው ሊነድም ይችላል። ስለዚህ ተጠምዝዞ በናስትሮ የታሰረ ሽቦ ለምጣድ መስመር አይሆንም። ሞርሴቶ፣ ማለትም ሽቦ በብሎን የሚያዝበት መቀጠያ፣ ይግባበት፣ ብሎኑም በደንብ ይጥበቅ። ከሁሉ የሚሻለው ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ መሃል ላይ ምንም መቀጠያ ባይኖር ነው።

ክርክሩ ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ ሆነ። የመዳብ ሽቦ ተወዷል። እሳቸው ደግሞ ማግሥቱን ለአርብ የሚያስረክቡት እንጀራ አለባቸው። ገበያ ላይ ርካሽ ሽቦ እንዳለም ሰምተዋል። ርካሹን አስመጥቼ ፊታቸው በካቻቪቴ ቧጨርኩት። ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ። አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው። በዚያው ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ይሸከማል፣ ብሎን ሥር ደግሞ ቶሎ ይላላል። የሶኬት ሰኪ እግርም በማግኔት ይፈተናል፤ ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፣ ናስ አይደለም። እኚህ እናት በሊጥ አይታለሉም። ነጩን ሲያዩ «ይሄማ ጤፍ ውስጥ የገባ ጄሶ ነው» አሉና ክርክሩ አበቃ።

እስኪሠራ ድረስ አንዱን ምጣድ ብቻ፣ በሌላ ጤነኛ መስመር እንዲጋግሩ ተስማማን። ሌሊቱን አንግተው ጋገሩ። ከዚያ ከቆጣሪው ጀምሮ ለእያንዳንዱ ምጣድ ለየብቻ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ሳበን። ለየራሳቸው 25 ብሬከር አስገባን። ተራውን ሶኬት አንስተን ሽቦውን በቀጥታ ማብሪያ ባለው ሳጥን አሰርነው። የምጣዱን አካልም ከምድር ሽቦ ጋር አገናኘን፤ እርጥብ እጅ ያለበት ማድቤት ነውና። ስካቶላዋ ዙሪያ የነበረውን ማዳበሪያ ቆርጠን በቆርቆሮ ተካነው።

ስንሠራ ሌላ ነገር አየሁ። ምጣዱ ላይ ሰፌድና ማሰሻ ተቀምጧል። የሰፌዱ ጠርዝ ጠቁሯል። ጠየቅኳቸው። ለካ አንድ ቀን እየጋገሩ መብራት ሄደ። ሰፌዱን አክንባሎው ላይ አድርገው ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። መብራቱ መጣ። ደግነቱ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ቀድማ ገብታ አጠፋችው። ጅማ ክረምት ላይ ነጎድጓድ በጮኸ ቁጥር መብራት ይሄዳል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሻማ ከመፈለግ በፊት ምጣዱ፣ ስቶቩና ካውያው ይጥፋ። ይህን ለእሳቸው ሁለቴ፣ ለልጅቷ አንድ ጊዜ ነገርኳቸው። ልጅቷ ትበቃለች።

ከዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ክፍል የሚያከራዩ ሰዎችም ይህንኑ ለተከራዮቻቸው ቢነግሩ ደስ ይለኛል። እዚያ ያለው ሌላው ችግር ዲቫይደር ነው። አንድ ዲቫይደር ላይ ስቶቭ፣ ውሃ ማፍያና ቻርጀር ይሰካል። ገመዱ ረጅም ስለሆነ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ስቶቭ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ይሰካ፤ ዲቫይደሩ ለስልክና ለላፕቶፕ ይቅር። እሳት ከተነሳ ደግሞ ቆጣሪው ሳይጠፋ ውሃ አይረጭም። ዋናውን አጥፍቶ ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር መድፋት ይሻላል።

እኚህ እናት ሒሳቡን በሁለት ጊዜ ከፈሉ። የድሮውን 40 ብሬከር «ልሽጠው» ሲሉ እምቢ አልኩና ወሰድኩት፤ ሌላ ሰው ማድቤት ውስጥ እንዲገባ አልፈለግኩም። ከአንድ ወር በኋላ ያለ ክፍያ ተመልሼ ሄድኩ። ምጣድ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ሽቦው ብሎኑን ያላላዋል፤ ስለዚህ አዲስ መስመር አንዴ እንደገና መጥበቅ አለበት። ከብሎኖቹ ሁለቱ ካቻቪቴው ሲያርፍባቸው ትንሽ ዞሩ፤ ሌሎቹ እንዳሉ ነበሩ።