ዓባይን ሦስት ጊዜ ተሻግረን

ውድ ወዳጆቼ፣ ጽሑፎቼን በትዕግሥት የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ በሰላም አሸጋገራችሁ። አዲሱ 2008 ዓ.ም. በያላችሁበት የጤናና የሰላም እንዲሆንላችሁ ከልብ እመኛለሁ። እስከ ዛሬ የእንቁጣጣሽን መልእክት የምጽፍላችሁ ጉለሌ ካለው ቤታችን ሆኜ፣ የሰፈሩ ልጆች «አበባ አየሽ ሆይ» እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዘዋወሩ እየሰማሁ ነበር። ዘንድሮ የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። በዙሪያዬ ያልተፈቱ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ መጋረጃው አልተሰቀለም፤ መጻሕፍቴም በየትኛው ማዳበሪያ ውስጥ እንደታሰሩ ገና ለይቼ አላገኘኋቸውም። ሆኖም ከጉለሌ እስከዚህ ያደረሰንን የሦስት ቀን መንገድ ሳልነግራችሁ በዓሉን ማሳለፍ አልፈለግሁም።

ዜናው ለብዙዎቻችሁ ድንገተኛ እንደሚሆን አውቃለሁ። ባለፈው ፋሲካ የባለቤቴን እናት ልንጠይቅ በአውሮፕላን መጥተን ነበር። እማዬ ከጓዳ ወደ ሳሎን ሲሄዱ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ በሌላው የቡናውን ረከቦት ይዘው አየናቸው፤ ባለቤቴ ተነሥቶ ሊቀበላቸው ሲል «ተቀመጥ፣ እንግዳ ነህ» አሉት። በተወለደበት ቤት እንግዳ መባሉ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣው። አዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር እንዲኖሩ ከዚያ በፊትም ደጋግመን ለምነናቸው ነበርና በማግስቱ እንደገና ስናነሣባቸው፣ «እኔን ከምትነቅሉኝ እናንተ ብትመጡ ምን አለበት?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ እኛ ግን መልሱን ለማግኘት እስከ ነሐሴ ድረስ ስንመክር ቆየን። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር የአገሪቱን ወንዞች ሁሉ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥያለሁ፤ ከከተማዬ ውጭ ግን አንድ ክረምት እንኳ ኖሬ አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ እድራችንን መሰናበት ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ አብረናቸው ያዘንንና የተደሰትን፣ አባቴ ባረፈ ጊዜ ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን ከደጃችን ያልተለዩ ሰዎች ናቸው። ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ቡና አፍልተው ዳቦ ደፍተው ሸኙን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ልጆቹ ልብሳቸውን እያወለቁ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ በጠፍጣፋው መሬት ላይ ሲሯሯጡ፣ እኛ ትልልቆቹ ከበረንዳው ሥር ተጠጋግተን ቆመን እናያቸው ነበር። ሰብሳቢው መዝገቡን ገልጠው በስማችን ላይ መስመር ሲያሰምሩ ብዕራቸው ጥቂት ቆም አለ። ከዚያ ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» ብለው መረቁን፤ ያ ምርቃት ሦስቱንም ቀን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ጳጉሜን 4 ቀን ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ እኛ በአሮጌዋ ኮሮላችን፣ ዕቃችን ደግሞ በተከራየነው አይሱዙ ተጭኖ የእንጦጦን ዳገት ወጣን። ሱሉልታ በጉም ተሸፍና ስለነበር ከፊታችን ያለው መኪና የኋላ መብራት እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጫንጮን አልፈን ወደ ሙከ ጡሪ ስንቃረብ ጉሙ ተገፈፈና ሜዳው በአንድ ጊዜ ተገለጠ፤ በጤፉና በገብሱ ማሳ ዳር ዳር አደይ አበባ መፈንዳት ጀምሯል። ደብረ ሊባኖስን ከመገንጠያው ላይ ቆመን ተሳለምን። ጎሐ ጽዮን ደርሰን ሽሮ በላንና ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመርን።

ስለዚህ ቁልቁለት ለተማሪዎቼ ያልነገርኳቸው ነገር አለ ብዬ አላስብም ነበር። መንገዱ ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀንም አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጠማዘዝ እንደሚሄድ በካርታ አሳይቻቸዋለሁ። ያላሳየኋቸው አየሩ በየመጠምዘዣው ሲለወጥ ነው። ካፖርቴን አወለቅሁ፤ ቀጥሎ ሹራቤን፤ ከታች ስንደርስ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን ማሽላ በሚበቅልበት የቆላ ሙቀት ውስጥ እንሄድ ነበር። በሚሌኒየሙ ዓመት ማብቂያ፣ በ2000 ዓ.ም. ጳጉሜን፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል፤ ለስንት ዘመን የሰሜኑን መንገደኛ የተሸከመው የቀድሞው ድልድይም ከጎኑ እንደቆመ ነው። ከሥራቸው ዓባይ ሙሉ ነበር፤ አፈር ተሸክሞ፣ ቀይ ሆኖ፣ ያለ ድምፅ የሚመስል ግን በፍጥነት የሚሄድ። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ «ይህ ውኃ ከእኛ አገር የመጣ ነው» አለኝ። «የእኛ» ሲል ጎንደርን ማለቱ ነበር፤ እኔ ያን ቃል በአፌ ለማለት ገና አልደረስሁም ነበርና ዝም አልሁ።

ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት ስናጋምስ ከኋላችን ይመጣ የነበረው አይሱዙ ቀረብን። ተመልሰን ስንወርድ የኋላ ጎማው ፈንድቶ፣ ያ ሁሉ የቤት ዕቃ ወደ ገደሉ ጎን ዘንበል ብሎ አገኘነው። ሾፌሩና ረዳቱ በጣም ደንግጠው ነበር። ከማንም ሳይጠየቅ አንድ የፍየል እረኛ ልጅ ሮጦ ትልልቅ ድንጋይ አምጥቶ ከጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረገ። ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሌላ ሾፌር መኪናውን አቁሞ፣ የእኛው ክሪክ አልበቃ ሲል የራሱን አውርዶ፣ ባለቤቴም ሸሚዙን ጠቅልሎ ከሥሩ ገባ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሾፌሩ ለድካሙ የሰጠነውን ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ «ለበዓል ቤታችሁ ግቡበት» ብሎ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም፤ ይህ እስከ አሁን ይቆጨኛል።

በዚያ ሦስት ሰዓት እኔ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማዶውን ገደል ስመለከት ቆየሁ። ከላይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጄሶ፣ ከሁሉ በታች ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ተነባብሯል። የኖራው ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በላይ አስቀድሞ ይህ አገር በባሕር በተሸፈነበት ዘመን የተቀመጠ ነው። ወንዙ ያን ሁሉ በእርጋታ ቆርጦ ወርዶ፣ ባሕር የነበረው ተራራ፣ ተራራ የነበረው ሸለቆ ሆኗል። ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር እዚያ ቀለል አለኝ፤ ለምን እንደሆነ በቃላት ልገልጸው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ አደርን። ሐሙስ ጠዋት ጎጃምን አቋረጥን። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገብተው፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርገው ወደ አዲስ አበባ የወረዱት በዚህ አቅጣጫ ነው፤ እኛ የእርሳቸውን ጉዞ ወደ ኋላ እንሄደው ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ሻይ ጠጣን፤ ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት መሆኑን አስቤ፣ በመንገድ ላይ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ያላት ከተማ ትኖር ይሆን አልሁ። ቡሬን አልፈን እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ ተመለሰ። የአዊ ሰዎች ከቀርከሃ የሚሠሩትን ወንበር ከመንገድ ዳር አይተን ለእማዬ አንድ ባለ መደገፊያ ገዛን፤ ሻጩ የሚቀመጡበት ሰው ማን እንደሆኑ ጠይቆ፣ ወገባቸውን እንደሚያማቸው ስንነግረው ያነሣነውን አስቀምጦ ከውስጥ የተሻለውን አወጣልን።

ዳንግላን ካለፍን በኋላ ወተት ዓባይ አጠገብ አንዲት ድልድይ አለች። ባለቤቴ መኪናውን ዳር አስይዞ «ውረጂ» አለኝ። ከሥራችን የሚሄደው ግልገል ዓባይ ነበር። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የጠበል ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርደው ይህ ወንዝ፣ ትናንት በበረሃው ውስጥ እንደዚያ ሲያስፈራ ያየነው የዚያው የዓባይ ልጅነት ነው። በክረምቱ መጨረሻ ሞልቶም ቢሆን ከማዶ ሆነው የሚያወሩ ሁለት ሴቶች ሳይጮኹ ይሰማሙ ነበር። የአገሬው ሰው «ግልገል» ማለቱ እንዴት ደስ ይላል! በካርታ ላይ ስሙን ሺህ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ግልገልነቱን ግን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ባሕር ዳር አድረን ዓርብ ማለዳ ዓባይን ለሦስተኛ ጊዜ ተሻገርን፤ ይህ ደግሞ ከጣና ሲወጣ ነው። ውኃው ከሐይቁ እንደ ወጣ ገና ሰፊና ጸጥተኛ ነበርና፣ ከዚህ ጥቂት ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ ላይ ያንን ሁሉ ጩኸት የሚያሰማው ይኸው ነው ቢሉት የሚያምን አይመስለኝም። ፎገራ በውኃ ተጥለቅልቆ፣ ሩዙ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከብቶቹ ከጉልበታቸው በላይ ውኃ ውስጥ ቆመው ይግጡ ነበር። ወረታን አለፍን። ቀጥላ የምትመጣው ከተማ አዲስ ዘመን ትባላለች። በዘመን መለወጫ ዋዜማ በአዲስ ዘመን ማለፍ እንዲያው የታሰበበት ይመስላል፤ ሁለታችንም መግቢያዋ ላይ ያለውን ስም አይተን ተያየንና እጅ ለእጅ ተያያዝን። በገበያዋ መካከል የችቦ እንጨት፣ ቄጤማና ዶሮ የተሸከመ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይቸኩል ነበር።

ዕለቱ ጳጉሜን 6 ነበር። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ይህች ስድስተኛ ቀን ትጨመራለች። ጎማው ፈንድቶ ረቡዕ ስለ ዘገየን ሐሙስ የነበረው ዕቅዳችን ሁሉ ተዛብቶ ነበር፤ ይህች ቀን ባትጨመር ኖሮ አሮጌው ዓመት ባሕር ዳር በማናውቀው አልጋ ላይ ያልቅብን ነበር። ካሁን በፊት ጳጉሜን 6ን ለተማሪዎቼ የማስረዳት በፀሐይ ዙሪያ በሚደረግ ዙረትና በሩብ ቀን ትርፍ ነው። ያን ዕለት ግን ከእጅ የተሰጠ ስጦታ ሆኖ ተሰማኝ።

አዘዞ ከመድረሳችን በፊት የመገጭን ወንዝ ስናልፍ፣ ባለቤቴ በዓባይ ድልድይ ላይ ያለኝ ነገር ትዝ አለኝ። ጎንደርን የሚያቋርጠው ቀሃ ወደ መገጭ ይገባል፤ መገጭ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ጣናም በዓባይ ይወጣል። ሦስት ቀን ሙሉ የሄድነው ለካ ያንን ውኃ ወደ መነሻው እየተከተልን ነው። «አዎ፣ ከእኛ አገር የመጣ ነው» አልሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ለምን እንደመለስሁለት ወዲያው ገባው።

እማዬ ከበሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ጎረቤቶቹ እልል አሉ። የቀርከሃውን ወንበር ከመኪናው አውርደን በረንዳው ላይ አስቀምጠን እርሳቸውን አስቀመጥናቸው፤ ተደግፈው ዐይናቸውን ጨፈኑና ብዙ ጊዜ ሳይናገሩ ቆዩ። ሲመሽ የሰፈሩ ሰው ችቦ አብርቶ «እዮሃ አበባዬ» ሲል ባለቤቴ በልጅነቱ በቆመበት ቦታ ቆሞ አብሮ ዘፈነ፤ ድምፁን እንደዚያ ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም።

ማምሻውን እግሬን በሙቅ ውኃ እያጠቡኝ ሳለ (እምቢ ብል አልሰሙኝም)፣ ስለ እድራችን፣ ስማችን ከመዝገቡ ስለ ተሰረዘበት ቀን ነገርኋቸው። ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ባለፈው እሑድ ከእኛ እድር አስመዘገብኋችሁ፤ የመስከረሙን መዋጮም ከፍያለሁ» አሉኝ። እኛ ገና ጉለሌ ዕቃ ስናስር፣ ስማችን እዚህ ተጽፎ ይጠብቀን ነበር ማለት ነው።

ዛሬ የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳመን፣ ዶሮው ወጣ፣ ጎረቤት ተጠራ። ልጆች አደይ አበባ ይዘው መጥተው ዘፍነውልን፣ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠይቄ ጻፍሁ፤ ከነዚህ መካከል ነገ ተማሪዎቼ የሚሆኑ አይጠፉም። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዎቹ የክረምት ዝናቦች ዘነቡ፤ አሁን ቆሟል፤ ከጣራችን የወረደው ውኃ በቦዩ ሄዶ ወደ ቀሃ ሲገባ ከተቀመጥሁበት ይሰማኛል። ከእናንተ መካከል ሰሞኑን ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የምትሻገሩ ካላችሁ፣ ከድልድዩ ላይ ሆናችሁ ወደ ውኃው ተመልከቱልን፤ ከእኛ ቤት የሄደ ሰላምታ ነው።