ጾሙ ሲፈታ የመጣው መልእክት

ቢሯችን አራት ኪሎ ነው። ተማሪዎች ጭንቀታቸውን የሚጽፉበት የቴሌግራም ቦት አለን። ቦቱ ይጠይቃል፣ መልሱን ይመዝናል፣ አሳሳቢ ነው ያለውን ቀይ አድርጎ ወደ እኛ ይልካል። የእኔ ሥራ ቀዮቹን ማንበብ ነው።

አንድ ሁዳዴ ላይ ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመምን የሚለይ ክፍል ጨመርን። መጠይቁ ተመራማሪዎች በብዛት የሚሠሩበት ነው፣ ያለፉትን 28 ቀናት ይጠይቃል። አንዱ ጥያቄ ቅርጽሽን ወይም ክብደትሽን ለመለወጥ ብለሽ ከእንቅልፍ ውጭ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ምንም ሳትበዪ የቆየሽባቸው ቀናት ስንት ናቸው ይላል። ፕሮግራመራችን ለስልክ ስክሪን ረዘመብኝ ብሎ የክብደቱን ነገር ቆረጠና ስምንት ሰዓቱን ብቻ አስቀረው። በሁዳዴ! 55 ቀን በሚጾም ሕዝብ መሃል! ለሙከራ እኛው ስንሞላው ሒሳብ ሠራተኛዋም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምሱት ጥበቃችንም ቀይ ሆነው ቁጭ አሉ። እኛ ሳቅን። ጋሼ ግን «ጾሜን በሽታ አላችሁት?» ብለው ተቀየሙን።

ፕሮግራመሩ ልጅ ቀላል ነው አለ። «ትጾሚያለሽ?» የሚል ጥያቄ አስገባ፤ አዎ ላለ ሁሉ ቀዩ ይጠፋለታል። ጠፋ፣ እፎይ አልን። ያልተዋጠላት ሲስተር ብቻ ነበረች። አእምሮ ሕክምና ውስጥ የኖረች ነርስ ናት፣ ወሬ አታበዛም። «ልጄ፣ መደበቅ ለምትፈልገዋ መደበቂያ ሠራህላት» አለችው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የጋና ጥናትም ነገረችን። ከሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች መካከል ራሳቸውን አስርበው የከሱ ጥቂት ልጆች ተገኙ፤ ስለ ቅርጽና ክብደት የሚጨነቁ አልነበሩም፤ አለመብላታቸውን የሚያዩት በሃይማኖት ዓይን፣ እንደ ጥሩ ነገር ነበር። ስለዚህ የተቆረጠውን ብንመልሰውም እንዲህ ያሉትን አይዝም። «ጾሙ ሲፈታ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቁ» አለች። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ እንደ ብዙ ቃለ ጉባኤም እዚያው ተኛ።

ፋሲካ አለፈ። ሲስተር ቀይ ያልሆኑትንም እናንብብ ብላ ስለወጠረችን አብረን ቁጭ ብለን እያነበብን ሳለ አንድ ሌሊት የተላከ መልእክት አገኘን። (እንዳትታወቅ ቃሉን ለውጬዋለሁ።) «ቤት ሁሉም ደስ ብሎት ይበላል። ጾም ላይ ማንም ብዪ አይለኝም ነበር፣ አሁን ሰበብ አጣሁ። የጎረስኩትን ሄጄ አወጣዋለሁ።» ቦቱ ምን ቢመልስላት ጥሩ ነው? በበዓል ሰሞን ክብደት እንዳይጨምር ቅባት ቀንሺ፣ በእግር ተራመጂ፣ በትንሽ ሳህን ብዪ! አንድ ሰው ለጠቅላላ ጤና ብሎ የጫነው ምክር ነበር፣ «በዓል» እና «መብላት» ሲያይ የሚላክ።

ሲስተር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «ቴሳን ደገማችኋት» አለች። ቴሳ አሜሪካ ውስጥ ለእነዚሁ ሕመሞች የተቋቋመው ብሔራዊ ማኅበር የሚጠቀምባት ቻትቦት ነበረች። ስትጀመር ተመራማሪዎች ቀድመው የጻፉትን መልስ ብቻ ነበር የምትሰጠው፣ ተፈትና የሴቶችን የክብደት ጭንቀት መቀነሷም ታይቷል። በኋላ የሚያስተዳድራት ኩባንያ ራሱ መልስ የሚፈጥር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጨመረባት። በ2023 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ ሰዎች የሚመልሱበትን የእርዳታ መስመር ሊዘጋ በተቃረበበት ሰሞን፣ ቴሳ ለተጠቃሚ ካሎሪ ቀንሺ የሚል ምክር ስትሰጥ ተገኘችና ከአገልግሎት ወጣች። የእኛው ቦት ደግሞ ያለ አስተውሎትም ያንኑ ሠራ፣ የጤና ምክር ተብሎ የተጻፈ ወረቀት በቃው።

ሲስተር በራሷ እጅ ጻፈችላት። ልጅቷ መጀመሪያ የመለሰችው «ሰው አለ እንዴ?» ብላ ነው። እየቆዩ ተጻጻፉ። ሲስተር ቶሎ ሐኪም እንዲያያት ገፋፋቻት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ ፖታሺየም አውርዶ ልብን ሊያውክ ይችላልና፤ ሰውነቷ ከሳም አልከሳም። እዚህ ከተማ «ተመችቶሻል» የተባለች ልጅ ታማለች ብሎ የሚጠረጥር የለም።

አሁን የክብደት ምክር ከቦቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። የጾሙ ማጣሪያም ተነስቶ በምትኩ የሲስተር ጥያቄ ገብቷል። ያልተስማማነው በሌሊቱ ነው፤ አለቃችን የማታ ተረኛ ለመቅጠር በጀት የለም ይላል፣ ሲስተር ደግሞ እንዲህ ያለው መልእክት የሚመጣው ሌሊት ነው ትላለች። እስከዚያው ቦቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ «አሁን የሚያነብ ሰው የለም፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት እናያለን፤ የሚያስቸኩል ከሆነ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ» ብሎ በግልጽ ይናገራል። ልጁ ጽሑፉ ለስክሪኑ ረዝሟል ብሎ ነበር። አልቆረጥነውም።