አገር ነን ባዮች የሚያወጡት ሳንቲም፦ የብር ማዕድን ነው ወይስ ብር መሳይ?

ራሳቸውን አገር ብለው ያወጁ ትንንሽ ግዛቶች ለሰብሳቢ የሚሸጡት መታሰቢያ ሳንቲም ላይ የተጻፈውን የዋጋ ቁጥር እርሱት። «10 ዶላር» ቢልም የሚመነዝርላችሁ ባንክ የለም። ዋጋው ብረቱና ብርቅነቱ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም የምታረጋግጡት ራሳችሁ ናችሁ።

ከሁሉም የምንወደው የእንግሊዟ ላንዲ ደሴት ነው። ባለቤቷ ማርቲን ኮልስ ሃርማን በ1929 ፓፊንና ግማሽ ፓፊን የሚባሉ የነሐስ ሳንቲሞች በርሚንግሃም አስመታ፤ በአንድ በኩል የራሱ መልክ፣ በሌላው ፓፊን የምትባለው የባሕር ወፍ። ደሴቲቱ ላይ መገበያያ ስለሆኑ ተከሶ 5 ፓውንድ ተቀጣ። በ1965 ግን ለሰብሳቢዎች በነሐስ፣ በኒኬል ብራስ (የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ቅይጥ) እና በወርቅ እንደገና ተመቱ። ስለዚህ የክሱን ታሪክ እያወራ 1965 የሚል ሳንቲም ከሚያቀርብ ሻጭ ተጠንቀቁ። ኒኬል ብራስም ቢጫ ስለሆነ በፎቶ ወርቅ ይመስላል።

ብረቱን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው እስከ 0.01 ግራም የሚለይ የኪስ ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ቀጭን ክር ነው። ሳንቲሙን ደረቁን መዝኑ። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ወደ ዜሮ መልሱ። ሳንቲሙን በክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ከዚያ የደረቁን ክብደት ሚዛኑ ላይ ለሚታየው ቁጥር አካፍሉ፤ ውጤቱ ብረቱ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግራችኋል። 31.1 ግራም የሚመዝን ንጹህ ብር 2.96 አካባቢ ያሳያል፤ ውጤቱ 10.5 ይሆናል። ብር የተቀባ የመዳብና ኒኬል ቅይጥ 3.48 ያሳያል፤ ውጤቱ 8.9 ነው። ኒኬል ብራስ 9 አይሞላም፣ የ22 ካራት ወርቅ ግን 17 ያልፋል።

ብዙ ጊዜ ስሌቱን የሚያበላሸው የአየር አረፋ ነው። ፊደላቱ ሥር ተጣብቆ ይቀርና ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ እውነተኛው ብር ሐሰተኛ ይመስላል። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ያስለቅቀዋል። ቁጥሩ በድንገት ከዘለለ ደግሞ ሳንቲሙ ታቹን ነክቷል።

ማግኔት ብቻውን አይበቃም፤ መዳብና ኒኬሉም እንደ ብሩ አይሳብም።

ስትጨርሱ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ በቀስታ ጫን ጫን አድርጉት እንጂ አትሹት። እንደ መስታወት በሚያበራው ገጽ ላይ የቀረ ጭረት አይጠፋም፣ ዋጋውንም ይጥላል። የታሸገ ከሆነ ደግሞ ከነማሸጊያው ተዉት፤ የሻጩን የመመለስ ውል በጽሑፍ ተቀበሉ።