ስድስት ጊዜ የጻፍኩት መግለጫ

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ሙዚየም አንድ ጎብኚ ከባለጥልፉ ካባ ፊት ቆሞ መግለጫውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሲያበቃ ቀና ብሎ የካባውን የግራ ጠርዝ ተመለከተ፤ እንደገና ወደ ጽሑፉ ተመለሰ፤ ከዚያም አብራው የመጣችውን ልጅ ጠርቶ በጣቱ አሳያት። በሙዚየም ውስጥ ለማይሠራ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ላገኘሁት ባልደረባ ሁሉ ስተርክ ዋልኩ።

የጥያቄ ደብተር መያዝ ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ዘወትር ዓርብ ስለ ሥራችን አንድ ጥያቄ እጽፍና በቀጣዩ ሳምንት መልሱን እፈልጋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ዛሬ ሳነባቸው ያሳፍሩኛል። «ሙዚየም ለማን ነው?» «ቅርስ ይቀድማል ወይስ ጎብኚ?» ይላሉ። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ፕራግ ላይ ያጸደቀውን አዲሱን የሙዚየም ትርጉም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ገልብጬ፣ «ተደራሽ» እና «አካታች» ከሚሉት ቃላት ሥር አስምሬ፣ ደብተሩን ዘግቻለሁ። በአዳራሹ ውስጥ ግን አንዲት ወንበር እንኳ ቦታዋን አልቀየረችም። አሁን አቋሜ ግትር ነው፤ እርሳስ ይዞ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ሊመለስ የማይችል ጥያቄ ለጊዜው ይቆይ።

ለምሳሌ፦ ጎብኚ በበሩ እንደገባ መጀመሪያ ወዴት ይዞራል? አርተር ሜልተን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት አብዛኛው ሰው ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል አሳይቶ ነበር። እኛም ጋ እንዲሁ ሆኖ አገኘሁት፤ የመግቢያ ሰሌዳችን ደግሞ በግራ በኩል ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ አዛወርነው። ከዚያ በኋላ ራሴን እንደ ጠቢብ መቁጠር ጀመርኩ።

የካባው መግለጫ ግን ከዚህ ትዕቢት አወረደኝ። ጥያቄዬ «ሰው ይህን ለምን አያነብም?» የሚል ነበር። መሣሪያዬ የአዳራሹ ንድፍ የተባዛበት ወረቀት፣ እርሳስና የእጅ ሰዓት ነው። ጎብኚው የሄደበትን መንገድ በመስመር እከተላለሁ፤ የቆመበትን ቦታ በነጥብ፣ የቆየበትን ጊዜ በሰከንድ እመዘግባለሁ። ስም አልጽፍም፤ ምልከታ እንዳለም በሩ ላይ ተለጥፏል። ይህችን ወረቀት በየትኛውም የአስተያየት ቅጽ አልለውጣትም። ቅጽ የሚለካው የሰውን ጨዋነት ነው። እኔ ራሴ ሌላ ቦታ ስጎበኝ ቶሎ ለመውጣት ስል ብቻ «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ አውቃለሁ።

ወረቀቴ ያሳየኝ መራራ ነበር፤ ካባው ጋ የሚቆመው ብዙ፣ የሚያነበው ግን በጣት የሚቆጠር። መጽናኛ ፍለጋ ማገላበጥ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰዎች በአንድ ሥዕል ፊት የሚቆዩበት ጊዜ በአማካይ 27 ሰከንድ እንደሆነ፣ ግማሾቹ እይታዎች ደግሞ ከ17 ሰከንድ እንደማይበልጡ አሳይቷል። እንግዲያው ጥፋቱ የርዝመቱ ነው ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው መግለጫ 180 ቃል ነበር፤ ከክምችት መዝገቡ በቀጥታ የተቀዳ፣ ከመለያ ቁጥሩ ጋር። ሁለተኛው አጠረ። ሦስተኛውን «ይህን ካባ ማን ለብሶት ይሆን?» ብዬ ጀመርኩት፤ አንድ ባልደረባዬ አንብቦ «አንተ የማታውቀውን ጎብኚውን ትጠይቃለህ?» አለኝ። ቀደድኩት። አራተኛው ፊደሉ ብቻ ተለቀ። አምስተኛው ላይ መጀመሪያ ካባውን ራሱን ለረጅም ሰዓት አየሁት። በግራ ጠርዙ ጠላፊው ቀይ ክር አልቆበት ሥራውን ደብዘዝ ባለ ሌላ ቀይ ጨርሶታል፤ መግለጫውን ከዚያች ከክሯ መጋጠሚያ ጀመርኩ። ስድስተኛው ይኸው ሆኖ 50 ቃል ሆነ። አሁንም የሚያነብ የለም።

አንድ ቀን አንዲት እናት ካባው የሚታይበት ሣጥን ጋ ጎንበስ ብለው ሲታገሉ አየሁና «ላንብብልዎት?» አልኳቸው። «ዓይኔስ ደህና ነው ልጄ፤ ጥላዬ ነው የከለከለኝ» አሉኝ። መብራቱ ከኋላ ይመጣል፤ መግለጫው ሣጥኑ ውስጥ ከታች ተጋድሟል፤ ሊያነብ የሚጎነበስ ሰው ሁሉ በገዛ ራሱ ጥላ ይሸፍነዋል። ወራት ሙሉ ቃላት ስለዋውጥ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ጎብኚ ጎንበስ ብዬ አላየሁም።

የሚያሳፍረው ደግሞ ሌላ ነው። የቦስተኑ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጸሐፊ የነበረው ቤንጃሚን ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1916 «የሙዚየም ድካም» የሚለውን ሐሳብ ሲያስተዋውቅ፣ አንድ ሰው በሣጥኖች ውስጥ ያለውን ለማየትና ለማንበብ ሲያጎነብስ፣ ሲንበረከክ፣ አንገቱን ሲያጣምም በፎቶግራፍ አሳይቷል። ደብተሬ አራተኛ ገጽ ላይ ተጽፏል። ያሰመርኩበት እኔ ነኝ።

ቶሎ ብዬ ተጨማሪ መብራት ጠየቅኩ። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያችን እንቢ አለ። ለጨርቅ የሚመከረው ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አካባቢ ነው፤ የብርሃን ጉዳት ደግሞ ይጠራቀማል እንጂ አይሽርም። በ100 ሉክስ አምስት ሰዓት ማብራት በ50 ሉክስ አሥር ሰዓት ከማብራት ጋር አንድ ነው። ተጨቃጨቅን። አነጋገሩን እስከ ዛሬ አልወደድኩለትም፤ እውነቱ ግን ከእርሱ ጋር ነበር። በመጨረሻ መግለጫውን ከሣጥኑ አወጣንና ጎን ላይ ባለ ዘንበል ያለ ማቆሚያ ላይ አደረግነው፤ ጨርቁን የማይነካ የራሱ ትንሽ መብራትም ተሰጠው። የማቆሚያውን ቁመት መጀመሪያ በራሴ ቁመት ነበር የለካሁት። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ጎብኚ ከፊደሉ ይልቅ የመብራቱን ነጸብራቅ ሲያይ ዝቅ አደረግነው።

አሁን ሰው ያነባል። እንደ እኔ የምትደክሙ ካላችሁ ግን አንድ ስሕተቴን አትድገሙ፤ ቦታውን በቀየርንበት ቀን ጽሑፉንም ቀየርኩ። ስድስተኛውን አውርጄ አምስተኛውን ሰቀልኩ፣ ስለምወደው ብቻ። ስለዚህ የሠራው መብራቱ ይሁን ቃሉ መናገር አልችልም። ለመለየት መንገዱ ቀላል ነው፤ ያንን ባለ 180 ቃሉን በአዲሱ ማቆሚያ ላይ ለአንድ ሳምንት ማዋል። ታትሞ በመሳቢያዬ ውስጥ ከተቀመጠ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሰዎች ቢያነቡትስ?